ካርታው ላይ የቀረው ስም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

የጋሼ ኤርቪን እህት ሄርታ ከሞተች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ልጇ ከጀርመን ደውላ «ለአጎቴ ንገሪልኝ» ያለችው እኔን፣ ቤታቸው እየመጣሁ የምንከባከባቸውን ኬርጊቨራቸውን ነው። እስካሁን አልነገርኳቸውም።

እሳቸው የተወለዱበትን የባልቲክ ባሕረ ገብ መሬት፣ ሳምላንድን፣ ካርታ ይስላሉ። ስሙ ከጀርመኖች በፊት ከኖሩበት ሕዝቦች የተወረሰ ነው ይላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሩሲያኖቹ እነ ጋሼን፣ ጀርመኖቹን፣ አስወጥተው የመንደሮቹን ስም ቀየሩ። ጋሼ የድሮዎቹን ስሞች አንድ በአንድ ጽፈዋል፤ የጠፋቸው በልጅነታቸው የሚዋኙበት ዳርቻ ስም ብቻ ነው። «ሄርታ ታውቀዋለች፤ ደውዪላት» ይሉኛል በየቀኑ። «ላይኑ ቢዚ ነው» እላለሁ። እኔ ውሸታም!

የሐበሾች ሰፈር ፌርፋክስ ሄጄ የአገሬን ሰው እትዬ አስካለን ባማክራቸው «መርዶ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው፤ ዘመድ ጥሪ» አሉኝ። የምን ዘመድ? እሳቸው በሚኖሩበት ቶራንስ ውስጥ ከእኔ በቀር የጋሼን በር የሚያንኳኳ የለም።

ዛሬ ልወጣ ስል እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «በእናንተ አገር ሞት የሚነገረው በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው ያልሽኝ አይደል?»

ዓይኔን ካርታው ላይ ተከልኩ።

«እኔ ሰው የለኝም፤ ነገ ጠዋት ብቻሽን ነይ» አሉ።

ጥቁር ቀሚሴን አልጋው ላይ ዘርግቼዋለሁ። ጌታ ሆይ፣ ምን ብዬ ልግባ?