የቅዳሜ ቅርጫት

እሑድ፣ ጥር 12 ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለአንበጣዬ፣

የቤቱን ሁሉ በልተሽ ጨርሰሽ ባሕር ማዶ የተሻገርሽው፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴና ከአባትሽ ምክር በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ወንዴ ዘር ምርምርሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አያትሽ ብትኖር፣ ልጅቷን ይህን እንድታይ ነው ወይ ያን ያህል ያስተማርናት ብላ አፏን በመዳፏ ትይዝ ነበር። እኔ ግን ገብቶኛል። የወንዴ ዘር ሕዋስ ሲያድግ በሆዱ አንዲት የአርኤንኤና የፕሮቲን ጓል ይይዛል፤ ለኋላ የሚያስፈልገው መመሪያ እሷ ዘንድ ነው። ሕዋሱም የገዛ ትርፍራፊውን እየበላ ጓሏን በወጉ ያቆያታል። መብላቱን ካቆመ ጓሏ ትዛባለች፣ ዘሩም ሳይበስል ይቀራል። ተሳሳትኩ እንዴ?

እንግዲህ ገመናዬን ስሚ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አዋላጅ እንድጠግንላት ሱቅ የተወችውን ሬዲዮ ውዳቂ መስሎኝ ፈታታሁት፤ የሆድ ዕቃውንም ለሌላ ሰው ሬዲዮ ገጠምኩት። ልትወስድ ስትመጣ ባዶ ቀፎ አስረከብኳት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሳዋልድ አንድም ልጅ አላቀያየርኩም» አለችኝ።

አባትሽ ይህን ሰምቶ፣ በወሩ መጨረሻ ሱቁ ይዘጋ አለ።

አያትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅርጫቷን ይዛ ሱቅ ስትመጣ ትዝ ይልሻል? ውዳቂዬን ለቅማ ሳትሞላው አትወጣም። እኔ ዞር ስትል ግማሹን መልሼ እሰርቃለሁ፤ አንቺ በከረሜላ ጉቦ በር ትጠብቂልኛለሽ። እሷ ከተለየችን ሦስት ዓመት፣ ቅርጫቱ ከምስማሩ አልወረደም። ደህናውና ውዳቂው ቢደበላለቅብኝ ምን ይገርማል?

ደብዳቤሽን አንብቤ ትናንት አወረድኩት። አራት ጊዜ ሞላሁት። የጠረጴዛዬ እንጨት ታየ፤ ከክምሩ ሥርም ለአዋላጇ ሬዲዮ የሚሆን ዕቃ ተገኘ። አመሻሽ ላይ ሬዲዮው ማውራት ጀመረ። አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆየና የወሩን መጨረሻ ሳያነሣ ሄደ።

የመጨረሻውን ቅርጫት ደጃፍ አኑሬ፣ እንደ ልማዴ ግራ ቀኝ አይቼ እጄን ሰደድኩ። አንድ የተሰበረ ማዞሪያ አነሣሁ። ትንሽ ጠበቅኩ። ማንም አልተቆጣኝም። መልሼ አስቀመጥኩት። ለካ ስርቆትም የሚጥመው ሰው ሲኖር ነው።

እጅሽ የነካው ይብሰል፣ ዓይንሽ አይድከም፣ የምትፈልጊውን ያሳይሽ። ስትመጪ ቅዳሜ ይሁን።

ሌባው አያትሽ