የፈጣን ወርዋሪነቴ ዘመን

ቅዳሜ፣ ጥር 1987

ሰው መትቼ ጥዬ በደስታ ጨፈርኩ። ማንን? ጋሼ ሰይድን! ሜልቦርን ዳር ዌሪቢ ያለው መጋዘን ሥራ ያስገቡኝን ሰው።

የጠዋት ሺፍት ከከሰዓት ሺፍት ክሪኬት፣ አንዱ ጠንካራ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ ገጥመን ነበር። "እኔን የሚያክል ፈጣን ወርዋሪ ሜልቦርን አላበቀለችም" እያልኩ ስለፈልፍ ስለከረምኩ፣ አለቃችን ብሩስ አምኖ ኳሷን ሰጠኝ። አወራወሬ እንዲህ ነው፦ ከአጥሩ ሥር እነሳለሁ፣ ጉንጬን እነፋለሁ፣ ዓይኔን አፈጣለሁ፣ ውሻ እንዳባረረው ሰው እሮጣለሁ። መጀመሪያ ክንዴን አጥፌ እንደ ድንጋይ ስወረውር ዳኛው ከለከለኝ። ክንድ ቀጥ ብሎ በጆሮ አጠገብ መዞር አለበት አለ። እሺ፣ ቀጥ አደረግኩት።

ጋሼ የገቡት ለተጋጣሚያችን ሰው ስለጎደለ ነው። ዱላውን እንደ ጃንጥላ ነው የያዙት። ብሩስ "መምታት ለማይችል ሰው ቀስ ተብሎ ነው የሚወረወረው" ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ቀስ ልል? ኳሷ ነጥራ ዓይናቸው ሥር አረፈች። ወደቁ። ሰው ከተመታ ያሸነፍኩ መስሎኝ፣ እጄን ሰቅዬ "መታኋቸው!" እያልኩ ስዘል ሁሉም ወደሳቸው ሮጠ። ብቻዬን ጨፈርኩ።

እሑድ

ቤታቸው ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። በእንግሊዝኛ፣ አባቷ ተኝቷል፣ ዓይኑ ታሽጓል፣ ማን ልበል አለችኝ። "ቁጥር ተሳስቼ ነው" ብዬ ዘጋሁ። የማታ ትምህርት ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ስሜን መጻፍ ነው። ዛሬ መጥራት አቃተኝ።

ሰኞ

ማንም አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጡኝ! ሻይ ሰዓት ላይ ቀልድ ጀመርኩ፤ የሚስቅ ስላጣሁ መሀል ላይ ተውኩት። ብሩስ "ሄደህ ጠየቅከው?" አለኝ። "አዎ፣ ደህና ነው" አልኩ። ውሸታም!

ማክሰኞ

ብርቱካን ገዝቼ ከምኖርበት ብሬብሩክ በአውቶቡስ ጋሼ ሰፈር ሴንት አልባንስ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ በሩን ከፈቱልኝ፤ ግባም አላሉኝ። ገባሁና የጋሼ ጉልበት ላይ ወደቅኩ።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።"

"ኳስ ነው፣ ይመታል። ግን በደህናው ዓይኔ አየሁህ እኮ። ስትጨፍር።"

ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ።

ፋሻው ሐሙስ ይፈታል። ዓይኑ ያያል ወይስ አያይም ስላቸው፣ "አላህ ያውቃል" አሉ።

ረቡዕ

ጸሎት ቤት ፓስተሩ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ሲል እጄን አወጣሁ። "ለአንድ ሰው ዓይን" አልኩ። ማን እንደመታው ዘለልኩት።

ሐሙስ

ሺፍት ተቀያይሬ ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። ፋሻው ሲፈታ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

"ብዥ ይላል እንጂ ያያል" አሉ ጋሼ። ዶክተሯ ቀስ በቀስ ይጠራል አለች። እትዬ ዘይነባ አለቀሱ። እኔ ለቅሶዬን ሳል አስመሰልኩት።

ስንወጣ ጋሼ "ጨዋታውስ?" አሉኝ።

"በቃኝ ጋሼ፣ ተውኩት።"

"ማን ፈቅዶልህ? ሲሻለኝ እመለሳለሁ፤ አንዷን ሳልመታማ አልቀርም። ብቻ አንተ ቀስ አድርገህ ወርውርልኝ።"

"እሺ" አልኩ። ይቅር ብለውኝ ይሆን? መጠየቅ ፈራሁ።