በጥላችን የጠፋው ካልኩሌተር

ኮልፌ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስካለ፤

እመብርሃን ከኪየቭ ብርድ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ወገብ ተሽሎታል፤ ጣራችንም ዘንድሮ ሳያፈስ ክረምቱ ወጣ።

የላክሽልኝን በብርሃን የሚሠራ ካልኩሌተር ይዤ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። ዩሱፍ የሚባል ተማሪዬ ገና አንድ ቁጥር ሲነካ፣ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ እላዩ ላይ ተከመረ። ቁጥሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። "ዩሱፍ ሰበረው!" ብለው ጮኹበት፤ ልጁም አለቀሰ። ጓድ ርዕሰ መምህራችን ጩኸቱን ሰምተው መጡና "መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ" አሉ። እናትሽ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትሸነፍ ይመስልሻል? "ሁላችሁም ወደየቦታችሁ!" አልኩ። ጥላቸው ሲነሣለት ቁጥሩ ተመልሶ መጣ። ዩሱፍ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ።

አሁን ሥርዓት አበጅቼለታለሁ። አንድ ልጅ መስኮቱ ጋ ሆኖ ይነካል፤ ሌሎቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ መልሱ ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ግምታቸውን ይናገራሉ። በተሳሳተ ግምት መሳቅ ክልክል ነው። ትናንት ጓድ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መጥተው ገመቱ። ተሳሳቱ፤ ማንም አልሳቀም።

ሹራብ ደርቢ፤ ጥናት ነው ብለሽ ምሳ ሳትበዪ እንዳትውዪ። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ "መቼ እንደምትመጣ ጠይቂያት" እያለ ይነዘንዘኛል። እኔ እንደነዚያ ልጆች አልከመርብሽም። ግምትሽን ብቻ ጻፊልኝ። ብትሳሳቺም እኛ ቤት ማንም አይስቅብሽም።

እናትሽ ዘነበች