ገመድ ያለው ታኮ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት ለቁርጥማት ይበጀኛል ብለው አክስቴ ዘንድ ከወረዱ ሦስት ዓመት አለፈዎት፤ እስካሁን ካልተሻለዎት መድኃኒቱ ሙቀቱ አይደለም ማለት ነው። እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። የእማዬ ስኳር ወርዶላታል። ሰላም በዪልኝ ብላለች፤ "ቢመጣ ምን አለበት" ያለችውን ግን እንዳልጽፍ ከልክላኛለች።

ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ስልክ ላይ የመኪና ወሬ ባነሳሁ ቁጥር "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ስለሚሉኝ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ፤ የምሥራች ይዣለሁ።

አይሱዙዎ እዚህ ሐረር የሐኪም ጋራ ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ ዕለት "መንገዱ ላይ ድንጋይ ነበረ፣ እሱን ስሸሽ ነው" ብለው ነበር። ትራፊኩ ሲደርስ ግን ድንጋይ የሚባል አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ "ተኝቶ ነው"፣ "ምርቃና ላይ ነበር"። በሠላሳ ዓመት ሹፍርና ዶሮ እንኳ ገጭቶ የማያውቅ ሰው! የተሰበረ ክንድዎን ወጌሻ ጠገነልዎ፤ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። ቁልፉን ለእማዬ አስረክበው ሄዱ። እኔም በዚያው ሰሞን ጎማ ቤት ከፈትኩ። "ደግሞ ሴት ጎሚስታ!" ብሎ ያልሳቀብኝ አልነበረም። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ሲስቅ ግን እስካሁን አላየሁም።

ጎማ ቤቱን የከፈትኩት ለእንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ ከንክኖኝ ነው። ከዚያ ቁልቁለት የሚመጡልኝ ጎማዎች ጎናቸው የተቀደደ፣ የብረት ቸርኬያቸው የተጣመመ ነው። ምስማር እንዲህ አያደርግም። ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መኪና ዳገት ላይ ይበላሻል፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ ሲጠገን አንዱ "ቢስሚላህ"፣ አንዱ "በስመአብ" ብሎ ይነሳና ይሄዳል። ድንጋዩ ለሚቀጥለው ሰው ይቀራል። ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ ማንም ማንንም አይናገርም። የተጣመሙትን ቸርኬዎች አልሸጥኳቸውም፤ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኳቸው።

ባለፈው ዓመት መስከረም የሹፌሮቹ ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ አሥራ ዘጠኙንም ቸርኬ በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ኪሩቤል ገና ከበሩ ሲያየኝ "ይቺ ደግሞ ገበያ ፍለጋ መጣች" አለና አሳቀብኝ። እኔም ቸርኬዎቹን መሬት ላይ ደርድሬ፣ በሕይወቱ አንድም ቀን መንገድ ላይ ድንጋይ ትቶ የማያውቅ ሰው እጁን ያውጣ አልኳቸው። ኪሩቤል እጁን እስከ ግማሽ አነሳና ጆሮውን አከከበት። ሌላው ሁሉ አቀርቅሮ ቀረ።

ያን ጊዜ ጋሽ አብዱልፈታ ተነሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተከታትላችሁ ጅጅጋ የተመላለሳችሁት ባልንጀራዎ፣ ከአደጋው ወዲህ ግን ደጃፋችን ሲደርሱ ማዶ ተሻግረው የሚያልፉት ጋሽ አብዱልፈታ። ኮፊያቸውን አውልቀው በእጃቸው እያሹ፣ "አቦ ስሙኝ፤ ወላሂ ድንጋዩ ነበረ" አሉ። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ድንጋይ እንደነበረ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ እንደነበረ ተናገሩ፤ ማን ትቶት እንደሄደና ትራፊኩ ሳይደርስ ማን እንዳነሳው ግን አልተናገሩም። "ያ ሰውዬ አልተኛም። አላህ ምስክሬ ነው፣ አልተኛም።"

ከኋላ አንዱ "አንተ መቼ አየኸው?" ሊላቸው ሲነሳ እኔ ቀደምኩት። "እጅ አውጡ ስላችሁ ማንም አላወጣም፤ እንግዲህ ማንም ማንንም አይጠይቅ" አልኩ። ጋሽ አብዱልፈታ ተቀምጠው ፊታቸውን በኮፊያቸው ሸፈኑ። እኔ ግን አባባ፣ እልል ማለት ነው ያማረኝ። ስምዎ በአርባ ሹፌር ፊት ነጻ ወጣ!

የዚያኑ ዕለት ተወሰነ። ማንኛውም የጭነት መኪና በድንጋይ ፈንታ ጎማ ሥር የሚደረግ የራሱን የእንጨት ታኮ ይይዛል፤ ታኮው በገመድ ከመኪናው ጋር ይታሰራል፤ ገመዱ አይፈታም። ረስቶ የተነሳ ሰው ታኮውን እየጎተተ ይሄዳታል። የመጀመሪያው ማን ይመስልዎታል? ራሱ ኪሩቤል! ከሐኪም ጋራ እስከ ሸዋ በር እያንቋቋ ወረደ፤ የገበያው ሴቶች "ጭራህን ሰብስብ!" እያሉ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ የረሳ የለም።

በእርግጥ ጥፋቱ የድንጋይ ብቻ አይደለም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነፋስ አልሞላም። ትርፍ የጫነውንና ለገበያ ልድረስ ብሎ የሚከንፈውን ሰድቤ ነው የምሸኘው። ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የሚወርደውንም እንዲሁ። አይቆጡኝና፣ ያን ቀን እርስዎም ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። ሞተሩ ይዞት ቢሆን ኖሮ ቀስ ብለው ድንጋዩን ያልፉት ነበር። ድንጋዩ የሰው ነው፤ ማርሹ የእርስዎ ነው። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም። ሁለታችሁ ባልንጀራሞች ግማሽ ግማሹን ተሸክማችሁ፣ አንዱ ድሬዳዋ አንዱ ሐረር ተራርቃችሁ መቀመጣችሁ አንጀቴን ስለሚበላው ነው።

ይኸው ዓመት ሞላን። በዚያ ቁልቁለት አንድም መኪና አልተገለበጠም፤ አንድም! ትራፊኩ ራሱ ጎማ ቤቴ ድረስ መጥቶ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብሎኛል። በአቅራቢያችን ያሉት የድሬ ጠያራ ገበሬዎች እንኳ ለጋሪያቸው ታኮ አስረዋል። ግድግዳዬ ላይ ሃያኛ ቸርኬ አልተሰቀለም።

አሁን ቀና ብለው ደጁን ይመልከቱ። ይህን ደብዳቤ ያመጡልዎት ሰው እስኪያነቡ ብለው ውጭ ቆመዋል አይደል? እኔ ላድርስ ብለው የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። ከወይራ ያሠሩት አዲስ ታኮ ይዘዋል፤ የእርስዎን ስም በነጭ ቀለም በእጃቸው ጽፈውበታል። ምን ሊነግሩዎት እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። እርስዎም ካልነገሩዎት አይጠይቋቸው፤ ከነገሩዎት ግን የማርሹን ነገር ይንገሯቸው።

የመጡበት መኪና የእርስዎ አይሱዙ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በትርፍ ሰዓቴ ጠግኜዋለሁ፤ ስድስቱም ጎማው አዲስ ነው፣ ቦሎውም ተለጥፏል። እማዬ ቁልፉን ዛሬ ጠዋት ስታወጣ አልቅሳለች።

የጠበቀዎት አምላክ መንገድዎን የቀና፣ እጅዎን የጸና ያድርግልኝ። ሲመለሱ እርስዎ ይንዱ፤ ታኮውን ጋሽ አብዱልፈታ ያነሳሉ።

ደጃፍ ላይ ቆማ የምትጠብቅዎ፣
ጎሚስታዋ ልጅዎ