የራስጌው ሐረግ

እህት ዓለም፣ ናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ አይደለም ያለሽ ካለ ዋሽቶሻል።

በእንጨት ሥራ ቤቴ የአልጋ ራስጌ ላይ የምንቀርጸውን ጌጥ የሚነድፍልኝ ሰው ከውጭ ልቅጠር ብዬ አበሳዬን አየሁ። ለምን ራስህ አትነድፍም እንዳትይኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል።

መጀመሪያ አንድ የዲዛይን ድርጅት ጠራሁ። ሦስት ሆነው መጡና "አዲስ ፈጠራ ነው" ብለው በኮምፒውተር ምን ቢያሳዩኝ ጥሩ ነው? ለሠርግሽ አልጋ በገዛ እጄ የነደፍኩትን የወይን ሐረግ! የእኔኑ ለእኔ ሊሸጡልኝ! ደሜ ፈላ፤ ጠራርጌ አስወጣኋቸው።

ቀጥሎ በግሏ የምትሠራ አንዲት ልጅ መጣች። እሷስ ጎበዝ ናት፤ ግን "ጋሼ፣ ቅጠሉን እንዴት እንደሚፈልጉት እስቲ አንዴ ይሳሉልኝ" ብላ እርሳስ አቀበለችኝ። ያውም በሠራተኞቹ ፊት! እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ጮሄ አባረርኳት። ሚስቴ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ትናንት ልጅቷ ተመልሳ መጣች። እርሳሱን ራሷ ይዛ "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልሳል" አትለኝም? ሹክ ያለቻት ሚስቴ እንደሆነች አልጠፋኝም። አሁንም እንደተናደድኩ ነው፤ ግን ቀጠርኳት። የቅጠሉን ጫፍ ልክ እንደ እኔ ታጥፈዋለች።

ይህን ደብዳቤም የምትጽፍልኝ ሚስቴ ናት፤ እኔ ጊዜ የለኝም ብዬሻለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለባልሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ፊርማውን ግን እኔው ነኝ የፈረምኩት። ከተንጋደደ የብዕሩ ጥፋት ነው።

ታላቅ ወንድምሽ