ሁለት ጥርስ አስነቅዬ አእምሮዬን ስላጣሁበት ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ባየልኝ፣
የኅብረት ሥራ ማኅበራችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣
ገንዳ ውሃ

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ወበቅ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎስ ደህና ናቸው? የምመኝልዎ ጤና ብዙ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሜ ግን የዓይንዎን ጤና እመኛለሁ። ምክንያቱን ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ካነበቡት፣ ማለትም እንደ ልማድዎ ከመጀመሪያዋ ቃል ላይ ካልቆሙ፣ ያገኙታል።

እኔ የማኅበሩ ትራክተር ነጂ ሰውነት ነኝ። ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ጎንደር ወጥቼ ከመንጋጋዬ መጨረሻ የበቀሉትን ሁለት ጥርሶች አስነቀልሁ። ሐኪሞቹ የአእምሮ ጥርስ ይሉታል፤ ሰው ልብ ሲገዛ የሚበቅል ስለሆነ ነው አሉ። በሰጡኝ ወረቀትም ላይ «ሁለት የአእምሮ ጥርስ ስለተነቀለለት የአምስት ቀን ዕረፍት ይሰጠው» ብለው ጻፉ። እርስዎም ወረቀቱን ተቀብለው «የአእምሮ» የምትለዋን ካነበቡ በኋላ ደክሞዎት ነው መሰለኝ፣ ጥርሱን ዘልለው፣ ሠራተኛው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከማሽን እንዲርቅ የሚል ደብዳቤ አትመው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉልኝ። ስሜ ሰውነት፣ አእምሮዬ በእርስዎ ፊርማ የተወሰደ፣ ይኸው ሰውነት ብቻ ሆኜ ቀረሁ። በዚሁ መሠረት አቤቱታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ዕረፍቴን ስላሳመሩልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ አደራ ያለኝ ትኩስ እንዳልጠጣ፣ በጨው ውኃ እንድጉመጠመጥ፣ ከሁሉ በላይ ብዙ እንዳልናገር ነበር። ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሊዘጋው ደርሶ፣ ባለቤቴ አገኘሽ የማሽላ አጥሚት አቀዝቅዛ በማንኪያ እያጎረሰችኝ፣ ባለሱቋ ጎረቤታችን መጂዳ ከፍሪጇ በረዶ እየላከችልኝ፣ ዝም ብሎ መዋል ጭንቅ ሆኖብኝ ነበር። ደብዳቤዎ ከተለጠፈ ወዲህ ግን የሐኪሙ ትእዛዝ ያለ ድካም ተፈጸመ፤ የሚያናግረኝ ጠፋ! ወዳጆቼ ከሩቅ እጃቸውን ያወዛውዙና ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ እናቴ አብርሃ ጅራ ከተማ ድረስ ወሬው ደርሷት እያለቀሰች መጣች። ተናድጃለሁ፣ ልደብቅዎት አልችልም። ሕመሙ ነውር ሆኖ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም የማንንም ቤት ያንኳኳል፣ ይታከማልም። ነውሩ ሳያነቡ መፈረም ነው።

2ኛ. ስለ ርኅራኄዎም ማመስገን ይገባኛል። ስህተቱን ላስረዳ በአራተኛው ቀን ቢሮዎ ስመጣ አገኘሽ ከአገጬ እስከ አናቴ በሻሽ አስራኝ፣ በግራና በቀኝ ጥጥ ነክሼ ነበር። ጥርስ ነው ልል ብሞክር ከአፌ የወጣው የጥጃ ድምፅ ሆነ፤ የታሰረውን ጉንጬን ባመለክት ጭንቅላቴን ያሳየሁ መሰላችሁ፤ ደም የነካው ምራቄ ጠብ ሲል ደግሞ ጸሐፊዋ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሸሸች። እርስዎም በለሰለሰ ድምፅ አይዞህ ይሻልሃል ብለው የትራክተሩን ቁልፍ ከእጄ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላሉ አባቶች። ምናልባት ጥፋቱ የአማርኛችን ይሆናል ብዬ መጂዳን ብጠይቃት ሱዳኖችም ይህንኑ ጥርስ «ድርስ አል-ዓቅል» እንደሚሉት፣ ትርጉሙም ያው የአእምሮ ጥርስ እንደሆነ ነገረችኝ። እንግዲህ ድንበር ብሻገር እንኳ በሁለተኛ ቋንቋ ማበዴ አይቀርም።

4ኛ. (3ኛውን ረስቼዋለሁ፤ ከሁኔታዬ አንጻር ይታገሡኝ።) ስለ ትራክተሩም ዕረፍት አመሰግናለሁ። ለእኔ የታዘዘልኝ አምስት ቀን ነበር፣ እሱ ግን የእኔ ዕረፍት ካለቀ ወዲህ እንኳ ከቆመ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው። የደጋ ሰው ላያውቅ ይችላል፤ እርስዎ ግን የዚህ አገር ልጅ ነዎት፦ መሬታችን ዋልካ ነው፣ ውኃ ከጠገበ ትራክተር ይውጣል እንጂ አያሳልፍም፤ ሰሊጥም ቀኑ ካለፈ ማንንም አይጠብቅም። ወይዘሮ አየሁሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ሄክታራቸውን በማኅበሩ ተራ የሚያሳርሱ አባል ናቸው፤ ተራቸው ሰኔ አሥራ ሰባት ነበር። በየማለዳው መጥተው የቆመውን ትራክተር በአጥሩ አሻግረው አይተው ይመለሳሉ። ሌላ ነጂ የለንም። እርስዎ ግን ያልታረሰላቸው ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል መሆኑን አስረድተዋቸዋል፤ እሳቸውም ልጆቻቸው ከርሞ ምን እንደሚበሉ ቢጠይቁ ይህ የእርስዎን ክፍል እንደማይመለከት ገልጸውላቸዋል።

ቢሆንም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ቁልፉን ለመመለስ አምጣ ያሉኝን የምርመራ ወረቀት ፍለጋ ጎንደር ተመልሼ ከአእምሮ ሐኪም ፊት ቀረብሁ። ሐኪሟ ስሜን፣ ቀኑን፣ ወሩን ጠየቁኝ፤ ምን እንዳመመኝ ሲጠይቁኝ ጥርሴን ስል ግራ ገባቸው። ደብዳቤዎን ሰጠኋቸው፤ አነበቡት፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ከዚያም ሙሉ ጤነኛ መሆኔን በማኅተም አረጋገጡ። አሁን በማኅበራችን ጤነኛነቱ በማኅተም የተረጋገጠለት ብቸኛ ሠራተኛ እኔ ነኝ፤ የሌሎቻችሁን ወረቀት፣ ከላይ ጀምሮ፣ ለማየት ብታደል ደስታዬ ነው። እርስዎ ግን ይህንንም ተቀብለው፣ የተነቀለው ጥርስ እንጂ አእምሮ አለመሆኑን የሚገልጽ ደጋፊ ደብዳቤ ከጥርስ ሐኪሙ እንዳመጣ አዘዙ። አቤት ጥንቃቄ! ምን ጥርስ ነክሰውብኝ ይሆን ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ኋላ ግን በየስብሰባው ሲስቁ ጥርስዎ አንድም ሳይጎድል ሙሉ መሆኑን አስታወስሁና የአእምሮ ጥርስ ማለት ስም ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ ቁልፉ ይመለስልኝ ዘንድ ከእግርዎ ሥር ሆኜ እለምናለሁ። ይህ ሳምንት ካለፈ የወይዘሮ አየሁሽ መሬት ጦሙን ያድራል፤ ያን ጊዜ ደጋፊ ደብዳቤ አያርሰውም።

በእርስዎ ፊርማ እብድ፣ በሐኪም ፊርማ ጤነኛ፣
በጥርስ ረገድ ሠላሳ ብቻ የቀረኝ ታዛዥዎ፣
ሰውነት አለነ
ሐምሌ 3 ቀን

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከቀድሞው ደብዳቤ ጎን

ይህችን ልጨምር፦ ከዚህ ጋር የተያያዘችው የቀጠሮ ካርድ የእኔ አይደለችም። የአእምሮ ሐኪሟ ደብዳቤዎን አንብበው ሲጨርሱ ይህን የጻፉት ሰው ሐምሌ 4 ቀን፣ ማለትም ነገ፣ ጠዋት ቢመጡ መልካም ነው ብለው በስምዎ የሞሏት ናት። ሲሄዱ ቁልፉን ለጸሐፊዋ ይተዉልን፤ እርስዎ ተመርምረው እስኪመለሱ ሦስቱን ሄክታር አርሼ እጨርሳለሁ።