ጊታሩ እማዬን ሲከተል

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ኦጎላ፣

እንደምን ከረምክ? የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወደቡ ላይ ሸክም ስታነሳ የተቀጨው ወገብህስ ለቀቀህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሐይቁም ዘንድሮ ዓሣ አልነፈገንም።

ጥለኸው የሄድከው ጊታር ጉድ አሳየኝ! ያስተማርከኝ ሦስት የጣት አያያዝ፣ ሦስት ኮርድ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም አንገቱ ጫፍ ላይ። እማዬ ደግሞ ጉሮሮዋን ከታከመች ወዲህ ድምፅዋ ወርዷል። የአክስታችን ልጅ አዎር «ሠርጌ ላይ እሷ ካልዘፈነችልኝ አላገባም» ብላ ድርቅ ስትል መለማመድ ጀመርን። በለመድኩት ስመታ ግን የእማዬ ድምፅ መሃል ላይ ይሰበራል። «ተዪው፣ ጊታሩ ወጣት ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ» ብላ ትነሳለች። ድምፁን ከፍ ለማድረግ ክሮቹን የሚጫን እርሳስ አንገቱ ላይ አስራለሁ፤ ዝቅ ለማድረግስ ምን ይታሰራል?

ድሮ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመቱ የነበሩት አጎታችን ኦዊቲ ይህን ሰምተው «እናትሽን ወደ ጊታርሽ ምን አስጎተተሽ? ጊታርሽን ወደ እሷ ውሰጂው እንጂ!» አሉኝ። ሌባ ጣቴን ስድስቱም ክሮች ላይ አጋድመው፣ ሦስቱን ጣቶች ከጎኑ አስቀመጡልኝ። ስመታው ጠሽ አለ። «ዓሣ እየጠበስሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አውራ ጣቴ እስኪዝል ስጨምቅ ቆይቼ፣ ክርኔን ወደ ጎኔ ሳስጠጋ ጠራ! ጉልበቱ ለካ ከክንድ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ! እጄ ቅርጹን ሳይለውጥ አንገቱ ላይ አንድ የብረት መስመር ሲንሸራተት ሌላ ኮርድ ይወጣል። የማታቱውን፣ የሚኒባሱን ጥሩምባ ሳይቀር አንገቱ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። መሃል ጣቴን ሳነሳ ደግሞ ያው ቅርጽ ያዝናል። አንዲት ጣት ይህን ሁሉ ሐዘን የት ደብቃው ኖሯል? አጎታችንን ብጠይቃቸው «እኔም ስጠይቅ አረጀሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሠርጉ ላይ እማዬ እኔን ሳትጠብቅ፣ ዘፈኑን ከተለማመድነውም ዝቅ አድርጋ ጀመረችው። እጄን አንሸራተትኩ፤ አለፍኳት፤ ተመለስኩ፤ ያዝኳት። ድምፅዋ ወፍሯል ኦጎላ፣ የድሮው አይደለም፤ ግን አልተሰበረም። ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ ጨፈረች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እማዬ ዞር ብላ አየችኝና ሆን ብላ ከፍ አደረገችው። ተከተልኳት። ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ሌላ ጊዜም ከየት እንደምጀምር አልነግርሽም» አለችኝ።

አባባ ወገብህን በደንብ እሰረው ይልሃል። አጎታችን ጣቶችህ ዝገው እንደሆነ ይጠይቃሉ። አዎርና ባሏ ናፍቀሃቸዋል። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ግን «ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም፣ ሲደውል እዘፍንለታለሁ» ብላለች።

እህትህ አፖንዲ
ሆማ ቤይ፣ ኦገስት 14 ቀን 2019